ያውቁ ኖሯል? ካሜራ፣ ቁልፍና ዘበኛ በሶዶ

ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። የአርባ ምንጩ፣ የሆሳዕናው፣ የሻሸመኔው፣ የሳውላውና የዳውሮው መንገድ እዚህ ይገጥማሉ። ለነጋዴው ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ዕቃውም ገዢውም ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። ሲሳዩ ግን ለሌባም ይተርፋል፤ በውድቅት ሌሊት ከሱቅ የወጣ ዕቃ ፀሐይ ሳትወጣ ከዞኑ ሊወጣ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 76,050 ሰው የተቆጠረባት ይህች ከተማ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮው፣ ሆቴሉ፣ መጋዘኑና ገና በፌሮና በስሚንቶ ክምር የተከበበው ፎቅ ሲበዛ የሚሰረቀውም ይበዛል። የዛሬው ዓምዳችን ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካም ሆነ ገሱባ ንብረት ላላችሁ ሁሉ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በየሱቁ ደጃፍ የምናየው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ሰፊ እይታ ባለው 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲገጠም፣ የማያውቁትን ሰው ፊት በእርግጠኝነት የሚለይልዎ እስከ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለካሜራ ሥራ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ አንድን እንግዳ ሰው ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ይጠይቃል። የዚህ ካሜራ ምስል ወርዱ 1,920 ፒክስል ነው፤ ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። የሚታየው ቦታ ከዚያ በሰፋ ቁጥር ፊቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከኮርኒሱ ጥግ ሆኖ ደጁን በሙሉ የሚያሳይ ካሜራ "ሰው ገባ" ይልዎታል እንጂ "እገሌ ገባ" አይልዎትም። ካሉዎት ካሜራዎች አንዱን ዝቅ አድርገው፣ በሰው ፊት ትይዩ፣ ሁሉም በግድ የሚያልፍበትን በር ብቻ እንዲያይ ያስገጥሙ። ከላይ የተሰቀለ ካሜራ ኮፍያ ካደረገ ሌባ የሚያገኘው ኮፍያውን ነው።

ያውቁ ኖሯል? መቅጃው፣ ማለትም ዲቪአሩ፣ 02:00 ብሎ የሚያሳየው ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ነው። 14:00 የሚለው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት። ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ለፖሊስ "ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው" ብለው ቃል ሰጥተው ቅጂው ላይ 08:00ን ቢፈልጉ የሚያገኙት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደጅ የሚጠርገውን ልጅ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈግ ደንግጓል። ሰዓቱ የተዛባ ቅጂ ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብ ግን ለተከሳሹ ጠበቃ ሥራ ማቅለል ነው።

አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲቀዳ በ24 ሰዓት 43 ጊጋባይት ይሞላል። አራት ካሜራ ያለው ሱቅ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ካለው የሚያቆየው 6 ቀን እንኳ የማይሞላ ቅጂ ነው፤ ከዚያ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ስሚንቶ መጉደሉን በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ላይ የሚያውቅ ባለ መጋዘን ማስረጃው ከጠፋ ሰንብቷል። ኤች 265 የሚባለውን አዲሱን የመጭመቂያ ዘዴ የሚቀበል መቅጃ የሚፈልገውን ቦታ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ሲገዙ ይህን ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው የካሜራውን ብዛት ብቻ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሶዶ ለኬንያ መብራት የምትልክ ከተማ ናት። ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ኬንያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በ200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀምራለች። ከሶዶ በስተ ምዕራብ ኦሞ ላይ ደግሞ 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተገጠመለት ግልገል ጊቤ ሦስት ቆሟል። ይህ ሁሉ ሆኖ የሰፈሩ መብራት ሲሄድ የሱቁ ካሜራ አብሮ ይሄዳል። ሌባም ይህን አያጣውም።

አራት ካሜራና አንድ መቅጃ በአማካይ 40 ዋት ይበላሉ እንበል። በተለመደችው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ቢበዛ 2 ሰዓት ይቆያሉ። ሙሉ ሌሊት፣ 12 ሰዓት፣ ለማደር 480 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በላይ ባይራቆት ይመረጣል፤ ስለዚህ ባለ 100 አምፒር ሰዓት አንድ ባትሪ ከነሶላሩ ሥራውን ይሠራል። ሱቁ ጄኔሬተር አለው ማለት በቂ አይደለም፤ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ጄኔሬተር የሚያስነሳ የለም።

ስለ መብራት ካነሳን፦ የኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶ ብረት መስረቅ እንደ ማንኛውም ስርቆት አይታይም። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 አውታሩን ሆን ብሎ ያወደመ ወይም የጎዳ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ምሰሶዎቹ በቡሎን የተገጣጠሙ የማዕዘን ብረቶች ናቸው። ከሥር ጥቂቶቹ ሲፈቱ ቀሪው ክብደቱን መሸከም ያቅተውና ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። አንዱ ሌባ ለጥቂት ኪሎ ብረት ብሎ አንድ ከተማ ሙሉ ዘበኛ አልባ ያደርጋል፤ ካሜራውም፣ ደወሉም፣ የመንገድ መብራቱም አንድ ላይ ይጠፋሉና።

መብረቅ ደግሞ ሌባ ያልነካውን ይወስዳል። ከሱቅ እስከ መጋዘን በአየር ላይ የተዘረጋ ረጅም የካሜራ ገመድ አጠገቡ በሚወድቅ መብረቅ ብቻ ድንገተኛ ቮልቴጅ ይሸከምና መቅጃውን ያቃጥላል። የድንገተኛ ቮልቴጅ መከላከያው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከመቅጃው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ወደ መሬት የሚወርድ ገመድ ከሌለው ግን ምንም አይጠቅምም።

ያውቁ ኖሯል? በሌሊት ካሜራዎን በጣም የሚረብሸው ሸረሪት ሊሆን ይችላል። ካሜራው በጨለማ የሚያየው በራሱ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ነፍሳት ካሜራው አካባቢ ይሰበሰባሉ፣ ነፍሳቱ ሸረሪትን ይስባሉ፣ ሸረሪቷም ሌንሱ ፊት ድሯን ታደራለች። ድሩ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ከዳሞታ ተራራ ላይ የሚወርደው የክረምት ጉምም ያንኑ ያደርጋል። ለድሩ በሳምንት አንድ ቀን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ደግሞም 850 ናኖ ሜትር የሚባለው ዓይነት ብርሃን ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ካሜራ መኖሩን ያሳብቃል፤ 940 ናኖ ሜትሩ አይታይም፣ ግን ርቆ አያይም። እኔ ቀዩን እመርጣለሁ። ሌባው አይቶት ቢመለስ ይሻላል።

በእርግጥ ይመለሳል ወይ? ተመራማሪዎች የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ግምገማ ካሜራ ባለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በመኪና ማቆሚያዎች ቅናሹ ወደ 37 በመቶ ይደርሳል። የተሻለ ውጤት የተገኘው ካሜራው ብቻውን ሳይሆን ከመብራት፣ ከጥበቃና ከሚከታተለው ሰው ጋር ሲሆን ነው። "ካሜራ ካለ ዘበኛ ምን ያደርጋል?" ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው።

ያውቁ ኖሯል? የቤት ካሜራ ሥርዓት የመጀመሪያዋ ባለ ፈጠራ ነርስ ናት። ማሪ ቫን ብሪተን ብራውን ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ትኖር ነበር። የሥራ ሰዓቷ ስለሚዘበራረቅ ብዙ ጊዜ ማታ ቤት ብቻዋን ትሆናለች፤ ፖሊስም በሰፈሯ ቶሎ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ ማመልከቻ አስገባች፤ በ1969 ተፈቀደላት። በሯ ላይ በተለያየ ከፍታ አራት ማያ ቀዳዳዎች ነበሩ፣ ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው ይንቀሳቀሳል፣ ምስሉ መኝታ ቤቷ ባለ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። በሩን ከሩቅ የሚከፍት ቁልፍ ነበራት፤ የድረሱልኝ ምልክት የሚያስተላልፍም ነበራት። ዛሬ በስልክዎ ከሀዋሳ ሆነው የሶዶ ሱቅዎን የሚያዩበት ነገር አያቱ ይህች ናት።

በስልክ ማየቱ ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በመላው ዓለም ያሉ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን ሠራዊት አድርጎ ዳይን የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት ሲያጠቃ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ካሜራዎቹን ለመያዝ የተራቀቀ ጥበብ አላስፈለገውም፤ ከፋብሪካ ይዘውት የወጡትን ከ60 በላይ የተለመዱ የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ገባ እንጂ። የእርስዎ ዲቪአር የይለፍ ቃል አሁንም ቴክኒሻኑ ሲገጥም የሰጠው "አድሚን" እና 12345 ከሆነ፣ የሱቅዎን ውስጥ የሚያየው እርስዎ ብቻ አይደሉም። ገንዘብ የሚቆጥሩበትን ሰዓትና ካዝናው ያለበትን ጥግ ጭምር።

ያውቁ ኖሯል? በካሜራዎ የተቀረጸው የደንበኛ ፊት የደንበኛው የግል ዳታ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለውን መረጃ የሚሰበስብና የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዲኖርበት ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ሰው ሳሙና ሲያነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ "ሌባ" ብሎ መጻፍ ፍርድ ቤቱን መቅደም ነው። ቅጂውን ለፖሊስ ይስጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አያቶቻችን ሌባ የሚያወጡበት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይሉታል። የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ያየውንና የሰማውን እስኪናገር ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁለተኛው ሌባሻይ ነበር፤ አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር እንዲጠጣ ተደርጎ ይለቀቃል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና ይከፍላል። ንጹሕ ሰው ምን ያህል እንደተበደለበት አይነገርም።

ሌባሻይ ያለፈ ታሪክ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ጥር 2020 የዲትሮይት ፖሊስ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለን የልጆች አባት ደጁ ላይ፣ ሚስቱና ልጆቹ እያዩ፣ በካቴና አስሮ ወሰደው። ምክንያቱ ከአንድ ሱቅ ሰዓቶች ሲሰረቁ የቀረጸ የደበዘዘ የካሜራ ምስል ነው፤ ፊት የሚለይ ኮምፒውተር ምስሉን ከዊሊያምስ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ጋር አመሳሰለው። 30 ሰዓት ያህል ታስሮ ተለቀቀ፤ ሰውየው እሱ አልነበረም። ከተማዋ በ2024 300,000 ዶላር ልትከፍለው ተስማማች። "ፊት የሚያውቅ ካሜራ አምጥተናል" የሚል ሻጭ ሱቅዎ ሲመጣ ይህን ያስታውሱ። ማሽኑ የጠቆመው ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤትም አልነበረም።

ያውቁ ኖሯል? በር ሲከፈት የሚጮኸው ደወል 170 ዓመት አልፎታል። አውግስጦስ ራስል ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1853 ነው፤ በርና መስኮቱ በሽቦ ተያይዞ ሲከፈት ደወሉ ይደውላል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለችው ማግኔት ያላት ትንሽ የበር መሣሪያም በዚያው መርህ ትሠራለች። የተጨመረው ሲም ካርድ ነው፤ በሩ ሲነካ ለአምስት ስድስት ስልክ ይደውላል። ከእርስዎ ስልክ በኋላ የጎረቤት ባለሱቅ፣ የዘበኛና በቅርብ ያለው የፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ይግባበት። ሲም ካርዱ ሒሳብ ሲያልቅበት ደወሉ ዲዳ ይሆናል፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው። በአሜሪካ ፖሊስ ከሚጠራባቸው ደወሎች ከ94 እስከ 98 በመቶ የሚሆኑት የሐሰት መሆናቸው ተጽፏል፤ ድመት፣ ነፋስ፣ ባለቤቱ ራሱ ኮዱን ረስቶ። እንቅስቃሴ የሚያውቀው መሣሪያ የሙቀት ለውጥን ስለሚያነብ ፀሐይ የሚያሞቀው የቆርቆሮ ጣሪያ ፊት ለፊት አይገጠምም።

ቁልፍን በተመለከተ አንድ ወሬ እነሆ። ለንደን ውስጥ የብራማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ "የከፈተ 200 ጊኒ ይሸለማል" ብሎ ነበር። ስድሳ ዓመት ማንም አልከፈተም። እ.ኤ.አ. በ1851 አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጥቶ በ16 ቀን ውስጥ በድምሩ 51 ሰዓት ታግሎ ከፈተው። የሶዶ ሌባ ግን 51 ሰዓት አይታገልም። ሮሊንጉ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ሰቅለው የኋላው ግድግዳ ያልተሞላ ብሎኬት፣ ጣሪያውም በሚስማር የተመታ ቆርቆሮ ከሆነ፣ በበሩ በኩል ማን ይለፋል? ገንዘብ ካለዎት ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት የኮርኒሱን ውስጥ በብረት ፍርግርግ ያሳጥሩ።

አጥር ለወላይታ አዲስ አይደለም። የጥንት ነገሥታቱ ከላ የሚባሉ የድንጋይ ካብ መከላከያዎችን ያሠሩ ነበር፤ የንጉሥ አማዶና የንጉሥ ኢጃጆ ከላ ዛሬም ስማቸው ይነሳል። ያም ሆኖ በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ከንጉሡ ከካዎ ጦና ጋር ተዋግቶ ወላይታን ያዘ። ዛሬ አጥር ላይ የጠርሙስ ስባሪ እንለጥፋለን፣ ሽቦ እንጠመጥማለን። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መብራት በቀጥታ ከሶኬት ወደ አጥር ሽቦ የሚያገናኙት ናቸው። ደረጃውን የጠበቀ የኤሌክትሪክ አጥር በሰከንድ አንዴ ያህል እጅግ አጭር ንዝረት ይልካል፤ ያስደነግጣል፣ አይገድልም። ከሶኬት የመጣ 220 ቮልት ግን የያዘውን አይለቅም። የሚገድለውም ኳስ ሊያመጣ የዘለለውን የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ያኔ ከተሰራቂነት ወደ ተከሳሽነት ይሻገራል።

ያውቁ ኖሯል? "ኃይለኛ ውሻ አለ" የሚለው የበር ላይ ጽሑፍ ወደ 2,000 ዓመት ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የጣሊያኗ ፖምፔ ውስጥ በአንድ ቤት መግቢያ ላይ የውሻ ሥዕል ከማስጠንቀቂያው ጋር በጠጠር ተነጥፎ ተገኝቷል።

ድንጋይ ለሚፈራ ሱቅ፦ በሁለት መስታወት መካከል የፕላስቲክ ሽፋን ያለው መስታወት ቢሰነጠቅም አይፈርስም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ሐሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1903 ከመደርደሪያ የወደቀ ጠርሙስ ተሰንጥቆ ሳይበተን ሲያየው ነው። የሚገዙበት አቅም ከሌለ ነባሩ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወፍራም የመከላከያ ፕላስቲክ ጥቂት ደቂቃ ይገዛል።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሀዋሳና በወላይታ ሶዶ በተነሳው ሁከት ሰው ሞቷል፣ ቤትና ንብረት ወድሟል። ያን ጊዜ ብዙ ነጋዴ የተማረው አንድ ነገር አለ፤ ተራ የእሳት መድን ውል አብዛኛውን ጊዜ በሁከትና በረብሻ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ለብቻው ተጠይቆ፣ ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎ ነው የሚገባው። የስርቆት መድንም ብዙ ጊዜ በኃይል ተሰብሮ የመገባቱን ምልክት ይጠይቃል፤ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ የወሰደ ሠራተኛ ምልክት አይተውም። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የማይሸፍነውን ዝርዝር ያንብቡ፤ ውሉ ከኋላ ወደ ፊት ቢነበብ ይሻላል።

ያውቁ ኖሯል? ዘበኛዎ የሚተኛው ሰነፍ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ የበዓል ቀን ደግሞ በ2.5። ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ ሰባቱንም ሌሊት፣ አንድ ሰው አስቀምጦ "ተኛብኝ" ማለት ፍትሕም ጥበቃም አይደለም። ሁለት ሰው በፈረቃ፣ ካፖርት፣ ባትሪ፣ ፊሽካና የተጫነ ስልክ ከአንድ ተጨማሪ ካሜራ ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

ዋስ ሲያስጠሩም ጥንቃቄ አይለይዎ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ የዋስትና ውሉ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። "ለሚያጠፋው ሁሉ ተያዥ ነኝ" የሚል ወረቀት ባለማኅተም ቢሆንም አያዋጣም። ቁጥሩን ያጽፉ።

ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ በውስጥ ያለው ብዙ ይወስዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ማጭበርበርን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከተደረሰባቸው ጉዳዮች 43 በመቶው የታወቁት በጥቆማ ነው። ያየ ሠራተኛ ሳይፈራ የሚናገርበት መንገድ ይኑር። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ሰው አይሁን። ስርቆት በር መስበሩን የተወበትን ዘመን ለማየት ደግሞ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ይበቃል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሲዛባ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ ወይም ተዘዋወረ፣ ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ገንዘቡን ማስመለስ ጀመረ፤ ያልመለሱትን ስምም ለጠፈ። የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ የሄደበት ይታወቃል። የካሽ ግን አይታወቅም።

ስለዚህም ነው ከግንቦት 2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብር ለባለሱቅ የጥበቃ መሣሪያ ጭምር ነው የምለው። መሳቢያው ማታ ባዶ ከሆነ ክፍት ይተዉት፤ ባዶነቱ በመስታወቱ በኩል ይታይ። በተለይ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ ሰሞን። በዓሉ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሁድ ይውላል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ዓመቱን ሙሉ ለኮርማው የተቆጠበው ብር፣ ሴቶቹም ለቅቤው በእቁብ የሰበሰቡት አንድ ላይ ወደ ገበያ ይወጣል። ከከብት ነጋዴው እስከ ልብስ ሱቁ የዓመቱ ትልቁ ካሽ በእጁ የሚያድረው ያን ሳምንት ነው። ባንኩ ከመዘጋቱ በፊት በቀን ሁለቴ ማስገባትን የመሰለ የለም። የፋይዳ ቁጥሩንና ዋሱን ያልያዙለትን የበዓል ጊዜያዊ ሠራተኛም ቁልፍ አያስይዙ።

ያውቁ ኖሯል? በወንጀል ሕጋችን ተራ ስርቆት (አንቀጽ 665) እስከ 5 ዓመት፣ ከባድ ስርቆት (አንቀጽ 669) እስከ 15 ዓመት፣ ከባድ ውንብድና (አንቀጽ 671) ከ5 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የሚገዛና የሚሸሽግም በአንቀጽ 682 ተጠያቂ ነው። "ርካሽ ስልክ አለ፣ ደረሰኝ የለውም" ሲባሉ ይህ ቁጥር ትዝ ይበልዎ፤ ገዢ ባይኖር ስልኩ ከሱቅ ባልወጣ ነበር። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሌባ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። ደብድቦ ማስረከብ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ መርማሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ማስረጃው ደግሞ የእርስዎ ዲቪአር ውስጥ ነው፣ ከተቀረጸ።

የተቀረጸ መሆኑን ለማወቅ ሌባ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋትዎ በፊት ዲቪአሩን ይክፈቱና የትናንት ሌሊት 02:00ን ይፈልጉ። ምስሉ ከሌለ፣ ሰዓቱ ከተዛባ ወይም ፊት የማይለይ ከሆነ ቴክኒሻኑን ነገ ጠዋት ይጥሩት።